ለቀኑ ኪኒን፣ ለሌሊቱ መርፌ

ዶክተሯ «ኪኒኑ ብቻውን አልቻለውም፤ ማታ ማታ ትንሽ ኢንሱሊን እንጨምርበት» ስትለኝ እንባዬ መጣ። የእርግዝናዬ 31ኛ ሳምንት ላይ ነበርኩ፤ በእርግዝናው የመጣ ስኳር ይዞኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩና ለእናቴ ደወልኩላት። እማዬ ትንሽ ዝም አለችና «በቃ፣ መርፌ ላይ ደረስሽ ማለት ነው?» አለችኝ። እሷም ስኳር አለባት። ለብዙ ዓመት በኪኒን ነው የያዘችው። በእኛ ቤት መርፌ ማለት የመጨረሻው ማለት ነበር።

ይሄን የምጽፈው ዛሬ እንደዚያ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ለምታለቅስ ሴት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እዚሁ ጅማ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። የማውቀው በራሴ ላይ ያየሁትንና ክትትል ላይ እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ነው። የመድኃኒት መጠን ከእኔ አትቅጂ። እሱን የሚወስነው የአንቺ ቁጥርና የአንቺ ሐኪም ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ስኳር የሚባል ነገር ያነሳብኝ ሰው አልነበረም። ክትትል የማደርግበት ቦታ ግፊቴን ይለኩኛል፣ ክብደቴን ይመዝኑኛል፣ «ደህና ነሽ» ብለው ይሸኙኛል። እናትሽ ስኳር አለባት ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም፤ የሚያገናኘው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ልጄ 4.3 ኪሎ ሆኖ መጣ። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ተያዘ። ያቺን ደቂቃ ሳስብ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ተርፏል፣ ደህናም ነው። ግን አንድ ክንዱን እንደልቡ እስኪያንቀሳቅስ ወራት ፈጀበት። ጠያቂው ሁሉ ደግሞ «ምን የመሰለ ልጅ ነው የወለድሽው!» ይለኝ ነበር። ትልቅ ልጅ ጤነኛ ልጅ ነው ብለን ነው ያደግነው።

ሁለተኛዋን ሳረግዝ ክትትሌን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ጀመርኩ። ሲስተሯ የመጀመሪያ ልጄን ኪሎ ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናትሽ ወይ አባትሽ ስኳር አለባቸው?» አለችኝ። የካቲት 2016 ላይ፣ ልክ 26 ሳምንት ስሞላ፣ በባዶ ሆዴ ሄጄ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ጠጣሁ። ሲጠጡት ጉሮሮ የሚይዝ ጣፋጭ ነው፤ መልሶ ሊያወጣኝ ነበር። ደም ሦስት ጊዜ ተወሰደ። ከመጠጣቴ በፊት 98፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 191፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 158። ስኳር አለ ለማለት ከ92፣ ከ180 እና ከ153 አንዱን እንኳ መድረስ በቂ ነው ተባልኩ። የእኔ ሦስቱንም አልፏል።

ለምን እንደሚመጣ ዶክተሯ በወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱን ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ ያዳክሙታል። እርግዝናው በገፋ ቁጥር ይብሳል። በደሟ የበዛው ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። የእሷ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ጽንሱ ያንን ሁሉ ስኳር ለመቋቋም በራሱ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል፤ ይወፍራል፤ ትከሻው ይሰፋል። ሲወለድ እትብቱ ተቆርጦ ከእናቱ የሚመጣው ስኳር ሲቋረጥ ደግሞ የራሱ ኢንሱሊን እንደበዛ ይቆያል። ያኔ የሕፃኑ ስኳር ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። ይሄን ስሰማ የመጀመሪያ ልጄ ነገር ሁሉ ገባኝ።

«የእናት ኢንሱሊን ወደ ጽንሱ አያልፍም» የሚለውን ያዥልኝ። ቆይቶ የሚያስፈልገን እሱ ነው።

መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ሁለት ሳምንት በምግብና በእግር ጉዞ እንድሞክር ተነገረኝ። መለኪያ ገዛን። የተሰጠኝ ግብ ጠዋት በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ነበር። በ2 ሰዓት የምትለካ ከሆነ ደግሞ ከ120 በታች። አንድ የተማሪ ደብተር አስምሬ በየቀኑ አራት ጊዜ መጻፍ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ደብተር ከምክር ሁሉ በላይ አስተማረኝ። ገንፎ በልቼ ስለካ 172። ቅንጬ በትንሹ ከእንቁላል ጋር 134። ግማሽ እንጀራ በምስርና በጎመን 129፤ ያው እንጀራ ሙሉ ሲሆን 158። ጅማ ላይ ፍራፍሬ ርካሽ ነው፤ ሙዝና ማንጎ በየደጁ ነው። አቮካዶው አልነካኝም። ማንጎ አንድ ቀን በልቼ የወጣውን ቁጥር አይቼ ተውኩት። ቡናውን መተው ግን አልቻልኩም። ስኳሩን ትቼ እንደ አያቴ ጨው ጣል አድርጌ ጠጣሁ፤ ያውም ሲኒውን ቀንሼ። ከእራት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ እየተጨዋወትን እንሄዳለን።

የቀኑ ቁጥር ወረደ። የጠዋቱ ግን እምቢ አለ። 103፣ 106፣ 101፣ 108። እራቴን ዘልዬ ሞከርኩ፤ ጠዋት 107። ለካ ሌሊት ጉበት በራሱ ስኳር ይለቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሳትበዪ ብታድሪም ሊወጣ ይችላል። ራት መዝለል ጥቅም የለውም፤ ለጽንሱም ጥሩ አይደለም። እኔ ስላደረግሁት አትድገሚው።

ያኔ ነው ምርጫው የመጣው። ዶክተሯ ኪኒኑንም መርፌውንም ዘርዝራ ነገረችኝ። በዓለም ላይ ባለሙያው ሁሉ አንድ ዓይነት አይመክርም። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር በእርግዝና ጊዜ ኢንሱሊንን ያስቀድማል። የእንግሊዝ መመሪያ ደግሞ ምግብና እንቅስቃሴ ካልበቃ መጀመሪያ ሜትፎርሚን የሚባለው ኪኒን ይሰጥ ይላል። ነገር ግን በምርመራው የባዶ ሆድ ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው ኢንሱሊን ይላል። አሜሪካኖቹ የሚሰጉት ሜትፎርሚን በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱ ጋ ስለሚደርስ ነው። በጽንስ ላይ የአካል ጉድለት ያመጣል የሚል ነገር አልታየበትም። ግን እናቶቻቸው ሜትፎርሚን የወሰዱ ልጆች ካደጉ በኋላ በመጠኑ ወፈር ብለው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ። ኩላሊቷ የታመመ፣ ወይም ጽንሱ በሚገባው ልክ እያደገ ያልሆነ እናት ላይ ሜትፎርሚን አይመከርም። ከልጅነት የጀመረው ዓይነት ስኳር ላለባት ደግሞ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ኢንሱሊን ግዴታዋ ነው።

ኪኒኑን መረጥኩ። አመዛዝኜ አልነበረም፤ መርፌ ስለፈራሁ ነው።

ሜትፎርሚን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አሰቃየኝ። 500 ሚሊ ግራም ከእራት ጋር ነበር የጀመርኩት። ማቅለሽለሽ፣ ሆድ መንፋት፣ ተቅማጥ። ክፍል ውስጥ ቾክ ይዤ ቆሜ ሆዴ ሲገላበጥ ልጆቹን «ደብተራችሁን አውጡ» ብዬ እየሮጥኩ እወጣ ነበር። ሲስተሯ ቀላል መላ ነገረችኝ። ከምግብ በፊትም በኋላም ሳይሆን መሃል ላይ ዋጪው አለችኝ። ግማሹን እበላለሁ፣ ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ቀሪውን እጨርሳለሁ። መጠኑም በየሳምንቱ ቀስ ተብሎ ነው የተጨመረው። አሥር ቀን ሳይሞላ ሆዴ ለመደው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጠሽ አትጣይው፤ ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። እማዬ ስቃዬን ስታይ የራሷን ዳኦኒል ከፍላ በወረቀት ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። «ያው የስኳር ኪኒን አይደል? ይሄ ሆድ አይነካም» አለችኝ። የእናት አንጀት ነው። ግን ያው አይደለም። ዳኦኒል ግሊቤንክላማይድ የሚባል ሌላ የስኳር መድኃኒት ነው። እሱም ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የጽንሱንም ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ሊገፋው ይችላል። ሕፃኑ ሲወለድ ስኳሩ እንዲወርድና ኪሎው እንዲበዛ የማድረግ ዕድሉ ከኢንሱሊን ይልቅ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የእኔ ፍርሃት ደግሞ ድሮም ኪሎ ነው። የሰው ኪኒን፣ የእናትሽም ቢሆን፣ እንዳትውጪ።

የዚያ ዓመት ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2። ጎረቤታችን በየማታው ሳምቡሳና ተምር ትልክልናለች። እኔም ለንስሐ አባቴ ሁኔታዬን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ አንቺ አሁን ታማሚ ነሽ፤ ወተቱንም እንቁላሉንም ብዪ» አሉኝ። ያ ቃል ትልቅ ሸክም አነሳልኝ። ሽሮና እንጀራ ብቻ እየበላሁ ቁጥሬን መያዝ አልችልም ነበር። ክትትል ላይ ያገኘኋቸው ሙስሊም እህቶችም ኢንሱሊን እየወሰዱ መጾም እንደሌለባቸው ተነግሯቸዋል። መድኃኒት ላይ ከሆንሽ፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ብትሆኚ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምሽንም የሃይማኖት አባትሽንም አነጋግሪ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ሜትፎርሚኔ በቀን 2000 ሚሊ ግራም ደርሷል። የቀኑ ቁጥር ልክ ነው። ጠዋት ግን 99፣ 102፣ 104። ያን ቀን ነው ዶክተሯ ኢንሱሊን ያለችኝ፣ እኔም ኮሪደሩ ላይ የተቀመጥኩት።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ተመልሼ ገባሁ። «ጥፋቴ ምንድን ነው? ምን በልቼ ነው?» አልኳት። ደብተሬን ገለጠች። «ጥፋትማ የለብሽም» አለችኝ። በፈረንጆቹ 2008 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ነገረችኝ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ነው የተሠራው። ሜትፎርሚን ከጀመሩት ነፍሰ ጡሮች 46 ከመቶ የሚሆኑት በኋላ ኢንሱሊን ተጨምሮላቸዋል። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው! የሕፃናቱ ጤና ደግሞ በጥቅሉ ኢንሱሊን ብቻ ከወሰዱት እናቶች ልጆች ያነሰ አልነበረም። ይሄን የካቲት ላይ ብሰማ ኖሮ ያን ያህል ባልተሰበርኩ።

ከዚያ የእማዬን ጥያቄ ጠየቅኳት። «መርፌ ከተጀመረ አይቆምም አይደል?» በእርግዝና የመጣ ስኳር ላይ ኢንሱሊኑ አብዛኛውን ጊዜ እንግዴ ልጁ የወጣ ዕለት እንደሚቆም ነገረችኝ። ሱስ አይሆንም። ወደ ልጅሽም አያልፍም። ያዥልኝ ያልኩሽ እዚህ ጋ ነው። እኔ «ለልጁ ይሻላል» ብዬ ከመርፌ ስሸሽ፣ ልጁ ጋ የማይደርሰው መርፌው ነበር። እኛ ሰፈር የአጎቴ ነገር ነው መርፌን ያስፈራን። ኢንሱሊን በጀመረ በዓመቱ እግሩ ተቆረጠ። መርፌው ነው የበላው ተባለ። አሁን ሳስበው ለዓመታት በከፍተኛ ስኳር ቆይቶ እግሩ ከቆሰለ በኋላ ነው መርፌውን የጀመረው። የዘገየው መርፌው ነው።

ሲስተሯ መጀመሪያ ብርቱካን ላይ አለማመደችኝ። ከዚያ በራሴ ጭን ላይ። የእኔ ደፍረስ ያለው የኢንሱሊን ዓይነት ነበር፤ ኤንፒኤች ይባላል። ብልቃጧ ሲቀመጥ ነጩ ታች ይዘቅጣል። አይናጥም። በሁለት መዳፍ መሃል አድርጎ ሃያ ጊዜ ያህል ማንከባለል ነው፣ ወጥ የሆነ ወተት እስኪመስል። የሚወሰደውን ያህል አየር በሲሪንጁ ስቤ ብልቃጧ ውስጥ እገፋለሁ፣ ገልብጬ 8 ዩኒት እስባለሁ፣ አረፋ ካለ በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ። ጭኔን በሁለት ጣት ቆንጥጬ እወጋለሁ። ወዲያው አላወጣም፤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። መርፌዋ ቀጭን ናት። እውነት እልሻለሁ፣ ስኳር ለመለካት ጣቴን የምወጋው ከሷ ይብሳል። በየቀኑ ቦታ መቀያየር አለብሽ፤ አንድ ቦታ ከደጋገምሽው ይጠጥራል፣ መድኃኒቱም በትክክል አይሠራም። ያገለገሉትን መርፌዎች ባዶ ሃይላንድ ውስጥ እከት ነበር፤ ልጄ እንዳያገኛቸው ቁም ሳጥን ላይ። ሲሞላ ሆስፒታል ወስጄ አስረክባለሁ።

ማቀዝቀዣ የለኝም ብለሽ እንዳትጨነቂ። ይሄንን ያስተማረችኝ ከዴዶ የምትመጣ እህት ናት። ለባዶ ሆድ ምርመራ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ነው ጅማ የምትደርሰው። እኔ በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ እሷ በተሰባበረ አማርኛ፣ ወረፋ እየጠበቅን ብዙ ተጫወትን። ትልቅ የሸክላ ድስት ውስጥ ትንሽ ድስት ታስቀምጣለች፤ በመሃላቸው አሸዋ ሞልታ ጠዋትና ማታ ውሃ ታርከፈክፋለች። ብልቃጧን በላስቲክ ቋጥራ ትንሹ ውስጥ አድርጋ በእርጥብ ጨርቅ ትከድናለች። ጥላ ቦታ ላይ። የተከፈተ ብልቃጥ በዚህ መልክ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ እኔም እንደሷ አደረግሁ። ማቀዝቀዣ ያለሽ ደግሞ በረዶ የሚሠራበት ቦታ እንዳታስጠጊው። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ይጣላል።

ወጪውንም ልናገር። ለእኔ ኪስ የጎዳው ኪኒኑም መርፌውም አይደለም። ደሙ የሚደረግበት የመለኪያው ስትሪፕ ነው። ለአራስ ጥሪ ያጠራቀምነው ብር እዚያ ላይ አለቀ። አቅም ካጠረሽ ቢያንስ የጠዋቱን አትተዪ፤ የትኞቹን ሰዓቶች መለካት እንዳለብሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ያለ ቁጥር ኢንሱሊን መጨመር መቀነስ አይቻልም።

የመርፌው እውነተኛ አደጋ ስኳር ከልክ በታች መውረዱ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ይሄ እምብዛም አይገጥምም። ኢንሱሊን ላይ ግን መጠንቀቅ አለብሽ። እኔ ላይ የደረሰው የስቅለት ዕለት ነው፤ ሚያዝያ 25። መጠኑ ተጨምሮ 16 ዩኒት ደርሶ ነበር። ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። መስገድ ባልችልም ብዙ ቆምኩ። ማታ ደክሞኝ ሁለት ጉርሻ ቀምሼ፣ እንደ ሁልጊዜው በ4 ሰዓት ተወግቼ ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሲነካኝ ሌሊት ልብሴ ርሷል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ የምናገረው ይወላገዳል። መለኪያው 58 አለ። ባለቤቴ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ አጠጣኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስንለካ 81። ከዚያ ወተትና ቁራሽ ዳቦ በላሁ። ልጄ ሆዴ ውስጥ ስትራገጥ ነው የተንፈስኩት።

ጠዋት ለዶክተሯ ደወልኩ። ያልበላሁ ወይ ከወትሮው ብዙ የደከምኩ ዕለት ምን ያህል መቀነስ እንዳለብኝ ነገረችኝ፤ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጻፍኩት። አንቺም ኢንሱሊን የጀመርሽ ቀን ይሄንን ጠይቀሽ ውጪ። ስኳርና ብርጭቆ ራስጌሽ ይኑር። ባልሽ፣ እህትሽ፣ አብሮሽ የሚያድር ሁሉ ምልክቱን ይወቅ። ከ70 በታች ከሆነ ዶክተር እስኪገኝ አይጠበቅም፤ ወዲያው ጣፋጭ ይጠጣል። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከዚያ በኋላ የጠዋቱ ቁጥር 84፣ 88፣ 90 ሆነ። ቀን ሜትፎርሚን፣ ሌሊት ኢንሱሊን። አንዱ ሌላውን ረዳው። ኪኒኑ ስለነበረ መርፌው ከፍ ያለ መጠን አላስፈለገውም።

ግንቦት ላይ 39ኛ ሳምንቴ ውስጥ ገብቼ ምጡ በመድኃኒት ተጀመረ። ልጄ 3.4 ኪሎ ሆና መጣች። ትከሻዋ ሲወጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ምንም አልያዛትም። በመጀመሪያው ሰዓት ጡቴን አስያዙልኝ፤ ከዚያ ተረከዟን ወግተው ስኳሯን ለኩ፤ 54። ቆይተው ደገሙት፤ 63። ደህና ናት ተባልኩ። የእኔ ኢንሱሊን ያኑ ዕለት ቆመ። ሜትፎርሚኑም። ሊጠይቁኝ የመጡት ሴቶች ገንፎ አገንፍተው በቅቤ ጎርሰን አደርን። ለወራት የሸሸሁት ገንፎ!

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ ያንኑ 75 ግራም ግሉኮስ እንደገና ጠጣሁ። በባዶ ሆድ 89፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 124። ስኳሩ ሄዷል። ግን በእርግዝና የመጣባት ሴት በኋላ ቋሚ ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ በየዓመቱ እመረመራለሁ። ይሄንን ምርመራ ብዙዎቻችን ልጅ ስናሳድግ እንረሳዋለን። እኔ ከልጄ ክትባት ካርድ ጋር ነው ያሰርኩት።

እማዬ ያን ሁሉ ወር አጠገቤ ሆና ስታየኝ ነበር። አንድ ቀን አራስ ቤት ቁጭ ብላ «አንቺ እንዲህ ብድግ ብለሽ ተውሽው በቃ?» አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሟ ኢንሱሊን ጀምሪ ብሏት እምቢ ብላ እንደወጣች ነገረችኝ። ለማናችንም አልተናገረችም። ሐምሌ ላይ አብረን ሄድን። የእሷ ስኳር እንደ እኔ የሚሄድ አይደለም፤ መርፌው አብሯት ይቆያል። አሁን ማታ ማታ ራሷ ትወጋለች። ዓይኗ ስለደከመ ዩኒቱን የምስብላት እኔ ነኝ። ብልቃጧን ማንከባለሉን ግን ለማንም አትሰጥም፤ በመዳፏ ይዛ እስከ ሃያ ጮክ ብላ ትቆጥራለች።